ምክንያት፦ ወፍ

እሑዴ ለእንቅልፍ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ምሰሶ ላይ የዋለ
ምን ይፈልጋል ሌላ? ሶልያና ግን፣ «ክንፉ የተጎዳ ንስር አለ፣
አባ፣ ሽምብጥን አልፎ፣ ሐይቁ ዳር፤ የክፍሌ ልጆች አይተውታል» አለች።
እናቷ አንጓችም ነጠላዋን አንሥታ፣ ሳታማክረኝ ተነሣች።

ባጃጅ ውስጥ አራት ሆነን፤ ናታን ጉልበቴ ላይ፣ ጫማው ሱሪዬ ላይ፣
በእጄ የቆመው ምሰሶ ሁሉ ከመንገዱ ዳር በተራ ሲታይ፣
«ይሄን የተከልኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ማንም አልሰማኝ።
ኩራት ለብቻ ሲበሉትም ይጥማል፤ ጣመኝ።

የአሞራ ሐኪም ቤት ሲሉኝ ነጭ ግድግዳ ነበር የጠበቅኩት፤
የደንገል አጥር ነው፣ ከዋንዛ ሥር፤ የደረቀ የእንቦጭ ክምር ከበሩ ፊት።
ጋሽ ሞላልኝ ተቀበሉን፤ ድሮ ዓሣ አስጋሪ፣ ዛሬ የወፍ አስታማሚ፣
ጣታቸው በመንቁር የተበሳሳ፣ ከመናገር ይልቅ ሰሚ።
«ቀስ በሉ» አሉን፤ «ለነዚህ፣ የሰው ሳቅም ድንጋይ ነው።»
ናታን አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ ያመለጠው ግን ሳቁ ነው።

የመጀመሪያው ጎጆ ጉጉት። አንጓች ፊቷን አዞረች፤
«ሟርተኛ ናት፣ ልጆቼን እንዳታይብኝ» ብላ አጉረመረመች።
«መኪና ገጭቷት ነው፣ እመቤቴ፣ እዚህ የመጣች፤
የሚመጣውን ብታውቅማ፣ መኪናው ሲመጣ ባወቀች።»
አንጓች ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ጉጉቷን ደጋግማ አየች።

ቀጥሎ ጭልፊት፤ አንድ እግሯ በናይሎን መረብ የተቆረጠ፤
ቀጥሎ ጥንብ አንሳ፤ የተመረዘ ሥጋ በልቶ ለጥቂት ያመለጠ።
«አያቴን መሰለኝ» አለ ናታን፣ መላጣውን እያየ፤
ጥንብ አንሳውም እንደ ሽማግሌ፣ ጎርደድ ጎርደድ ብሎ ከኛ ተለየ።

ስድስተኛው ጎጆ ውስጥ እሱ ነበረ።
ነጭ ራስ፣ ነጭ ደረት፤ ግራ ክንፉ ግን እስከ ጫፉ የጠቆረ።
ማለዳ ማለዳ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ሐይቁን የሚጠራው፣
አሁን ጉቶ ላይ ነው፤ ውሃው በሽቦ ወንፊት ተነፍቶ የሚደርሰው።
ደጁ ላይ ካርቶን ተሰቅሏል፣ ጋሽ ሞላልኝ በእስክሪብቶ የጻፉበት፦
«የተገኘው፦ ዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ትራንስፎርመሩ ሥር፣ ግንቦት አሥራ ሁለት ጠዋት።
ዕድሜ፦ አይታወቅም። ምክንያት፦ ሽቦ።»
ዓይኔ ካርቶኑ ላይ ቀረ፤ ልቤ ሄደ፣ ወደዚያ ጠዋት ተስቦ።

ግንቦት አሥራ ሁለት። አውቀዋለሁ። ግማሹ ከተማ ቆሞ፣
ወፍጮ ቤቱ ሲደውል፣ ክሊኒኩ ሲደውል፣ አለቃዬ ደግሞ።
መሰላል አቆምኩ፣ ወጣሁ፤ የተቃጠለ ላባ ሸተተኝ፤
ፊውዙን ቀየርኩ፣ መስመሩን መለስኩ፤ ከታች ሰው አጨበጨበልኝ።
ሣሩን ግን አላየሁም።
ማታ መዝገቡን ስሞላ፣ በዚያች ጠባብ ሳጥን፣ በሰማያዊ ቀለም፣
«የመቋረጡ ምክንያት፦ ወፍ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚህ የበለጠ አልተጠየቅኩም።

«አባ፣ ሽቦው ያንተ ነው?»
አንጓች ወደ ሐይቁ ዞረች። ጋሽ ሞላልኝ የሚያዩት ጫማቸውን ነው።
«የመሥሪያ ቤቱ ነው» ልል፣ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር ቃሉ፤
«አዎ» አልኳት። እንዲህ አጭር ነው ለካ፣ ለብዙ ጊዜ ሲፈሩት የኖሩት ሁሉ።
ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ «ክንፉስ ስንት ይሆናል፣ ሲዘረጋ?»
ሽማግሌው እጃቸውን ከፈቱ፤ አልበቃ አለ፤ ናታንን አስቆሙት፣ ከጣታቸው ጫፍ ጋ፤
«ከኔ ግራ እጅ እስከዚህ ልጅ ትከሻ» አሉ፤ «ሁለት ሜትር ከምናምን።»
በሽቦና በሽቦ መካከል ያለውን ልክ እኔ አውቀዋለሁ። አልተናገርኩም፤ ለማን?

ስንመለስ ሶልያና ተኛች፤ አንድ እጇ እኔ ጭን፣ አንዱ እናቷ ትከሻ፣
ክንዶቿ እንደተዘረጉ፣ እስከ ከተማው መዳረሻ።
ምሰሶ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት። በየአናታቸው፣ ከሽቦ ሽቦ፣ የአንድ ሜትር መንገድ፤
«አንተ የተከልከው የትኛውን ነው?» አለኝ ናታን፣ አሁን ገና ሊሰማኝ ሲፈቅድ።